ሻምበል ሌሊት ለምን አይተኙም?

ባለፉት እትሞች ስለ ወባ፣ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ፣ ስለ ጀሪካን ንጽሕና ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ግን ሁላችንም እያየነው የምንስቅበት፣ በሽታ ነው ብለን ወደ ክሊኒክ ወስደነው የማናውቀው ነገር ነው። ስቀን ስቀን አንድ ሰው ልንገድል ነበርና ነው የምንጽፈው።

በእኛ ብሎክ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሻምበል» ነው የሚላቸው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጦሩ ሲበተን ከጓዶቻቸው ጋር በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ። መሣሪያቸውን ድንበር ላይ አስረክበው ዋልዳ ካምፕ ተቀመጡ፤ ዋልዳ ሲዘጋ ወደዚህ ወደ ካኩማ መጡ። እዚሁ አገቡ፣ እዚሁ ወለዱ፣ እዚሁ ሸበቱ። ቀን ላይ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሕፃን ሲያዩ ጭንቅላቱን ሳይዳብሱ አያልፉም። ሌሊት ግን ከቤት ወጥተው የእሾህ አጥሩን ዙሪያ ሲዞሩ ያድራሉ። አንዳንዴም «ተኛ! ተኛ! ከላይ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። የሰፈሩ ልጆች ይህን ቃል ለምደው ጨዋታ አድርገውታል፤ አንዱ «ከላይ ነው!» ሲል ሁሉም መሬት ላይ ይዘረጋሉ። እኛም ስቀናል፣ አንዋሽም።

ሻምበል ይጠጣሉ። ጠዋት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የሻይ ብርጭቆ መያዝ ያቅታቸዋል፤ አንድ ሁለት መለኪያ ቻንጋ ሲወስዱ እጃቸው ይረጋል። ማታ ደግሞ እስኪወድቁ ይጠጣሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. ራሽኑ ሲቀነስ እቤት ውስጥ ጭቅጭቁ ባሰ። ባለቤታቸው መረራት። ልጃቸው፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና ከእኛ ከአዘጋጆቹ አንዱ ተሰብስበን መከርን። ምክሩም ይህ ነበር፤ ቤት ውስጥ ይቆለፍባቸው፣ ለሦስት ቀን ውሃና አጥሚት ብቻ ይሰጣቸው፣ መጠጥ የሚባል አይቅመሱ። «ወታደር አይደሉ እንዴ? ይችሉታል» ተባለ። ከመካከላችን አንድም ሰው «ክሊኒክ እንጠይቅ» አላለም።

በመጀመሪያው ቀን አላባቸው፣ አንቀጠቀጣቸው፣ አስመለሳቸው። «መርዙ እየወጣ ነው» ብለን ተደሰትን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደሚጥል በሽታ ጣላቸው፤ ምላሳቸውን ነክሰው አፋቸው በደም ተሞላ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተታቸው፣ ሌላው ማንኪያ በጥርሳቸው መሃል ሊያስገባ ታገለ። ሲነቁ ባለቤታቸውን አላወቋትም። ከግድግዳው ወታደሮች እየወጡ ነው አሉ። ያኔ ደንግጠን በእጅ ጋሪ ጭነን ሆስፒታል አደረስናቸው። የተቀበለችን ነርስ ነገሩን ሰምታ ያለችንን አንረሳውም፦ «መጠጥ በአንድ ቀን ያስቆማቸው ማን ነው? ልትገድሏቸው ነበር እኮ።»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ምክር በየብሎኩ እንደሚመከር እናውቃለን።

አልኮል አእምሮን ወደ ታች ይጫናል፤ ያደክማል፣ ያስተኛል። አእምሮ ደግሞ ዝም ብሎ አይጫንም፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከታች ወደ ላይ መግፋት ይጀምራል። ሰውዬው በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ ጫናውና ግፊቱ እኩል ሆነው ይለመዳሉ። መጠጡ ድንገት ሲነሳ ጫናው ይቀራል፣ ግፊቱ ግን ብቻውን ይቆያል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምት መፍጠኑ ከዚህ ነው የሚመጣው። እነዚህ ምልክቶች ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ። የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሰውዬው ያለበትን ቦታና ጊዜ ሊስት፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። በዚህ ደረጃ ላይ ሕክምና ያላገኘ ሰው ሊሞት ይችላል። ጠንካራ መሆን ወይም ወታደር መሆን አያድንም።

ሁሉም ጠጪ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። በበዓል ቀን የሚሰክር ጎረምሳ ቢተው ራሱን ያመው ይሆናል እንጂ አይሞትም። የሚያሰጋው በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የማይረጋ፣ ከዚህ በፊት ሊያቆም ሲል ጥሎት የሚያውቅ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ምግብ በወጉ የማይበላ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አትቆልፉበት። አስቀድማችሁ ክሊኒክ ውሰዱት፤ «መጠጥ ማቆም ይፈልጋል፣ ጠዋት ይንቀጠቀጣል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። እስኪታይ ድረስም በጉልበት አታስቁሙት። ከጣለው ደግሞ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ጨርቅ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪቱንም ተዉት። ከዚያ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ሻምበልን ሆስፒታል ውስጥ ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት ሰጧቸው። በመጀመሪያ ከፍ አድርገው፣ ከዚያ በየቀኑ እየቀነሱ በጥቂት ቀናት አቆሙላቸው። ዲያዜፓም ራሱ ሱስ ያስይዛልና ከሱቅ ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትሰጡ። ሌላው ቫይታሚን ቢ አንድ፣ ታያሚን የሚባለው ነው። ብዙ የሚጠጣና ትንሽ የሚበላ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ ሲያልቅበት ደግሞ የማስታወስ ችሎታው ለዘለዓለም ሊበላሽ ይችላል። ርካሽ ነገር ነው፤ ርካሽ መሆኑን ስናውቅ ስንቱን ሰው «ጃጀ» እያልን እንደተውነው ትዝ አለን።

በአምስተኛው ቀን ጭንቅላታቸው ጠራ። ከእኛ አንዱ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ «ሻምበል፣ ይቅርታ አድርጉልን፤ ግን ይህን መጠጥ ምን አድርጎላችሁ ነው?» አላቸው።

«እንቅልፍ ፍለጋ ነዋ» አሉ። «ስጠጣ እነሱ አይመጡም።»

«እነማን?»

«ልጆቹ።»

ልጆቹ ያሏቸው በሥራቸው የነበሩ ወታደሮች ናቸው። ሻምበል በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ነበሩ። ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከአፋቤት የወጣው የጦር መኪና ሰልፍ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ፣ መሣሪያውም በተቃራኒው ወገን እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ በራሱ በመንግሥት አውሮፕላን ተደበደበ። «ከላይ ነው» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ልጆቻችን ይህን ሲጫወቱ ነው የከረሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሰኝተናቸዋል።

ይህ የሻምበል ሕመም ስም አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመድፍ ድንጋጤ ይሉት ነበር፤ ብዙ ወታደርም በፈሪነት እየተከሰሰ ተቀጥቶበታል። ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችና ሐኪሞቻቸው ከተሟገቱ በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበሽታ መዝገቡ ውስጥ አስገባው፤ በአጭሩ ፒቲኤስዲ ይሉታል። ምልክቱን ስታነቡ ስንት ሰው ፊታችሁ እንደሚመጣ እዩት። ያለፈው ነገር ዛሬ እየሆነ እንዳለ ተመልሶ ይመጣል፣ በቅዠትም በእውንም። ሰውዬው ያንን የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ድምፅና ወሬ ይሸሻል። ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል፤ በር ሲንኳኳ ይዘላል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ አይቀመጥም። ልቡም ይደነዝዛል፣ ልጁ ሲስቅ እንኳ ደስታው አይሰማውም። ይህ ሁሉ ከወር በላይ ቆይቶ ኑሮውን ካናጋበት በሽታ ነው፤ ክፉ ጠባይ አይደለም።

ደግሞ ይህ የአንድ ጦር ሰው በሽታ አይደለም። በካምፓችን የደርግ ወታደር የነበረ አለ፣ ታጋይ የነበረ አለ፣ ከብሔራዊ አገልግሎት የጠፋ የኤርትራ ልጅ አለ፣ ባድመ ዘምቶ የተመለሰ አለ፣ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጢሙ ሳይበቅል መሣሪያ የያዘም አለ። ቀን ላይ ፖለቲካ አንስተው ሲጣሉ ይውላሉ። ሌሊት ግን የሚያባንናቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ወጣቶቹ ዘንድ ነገሩ ብዙ ጊዜ በጫት በኩል ነው የሚገባው። ጫቱ (እዚህ አገር ሚራ የሚሉት) መጀመሪያ ምርቃና ይሰጣል፤ ሰውዬው ይጫወታል፣ ያቅዳል፣ ሪሴትልመንቱ ነገ የሚደርስለት ይመስለዋል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ያን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ይጠጣል። ጠዋት ድብርት፣ ከዚያ ሐራራ፣ ከዚያ እንደገና ጫት። እንቅልፍ የሌለው ሰው ላይ እንቅልፍ የሚከለክል ነገር መጨመር ማለት ነው። ጫት ያቆመ ሰው እንደ አልኮሉ አይጥለውም፤ ለጥቂት ቀናት ይፈዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ዱካክ ይመጣበታል። ዱካክ የሚፈራውን ያህል አይደለም፣ ያልፋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በሶማሊያ በተለያዩ አካባቢዎች ከ8,000 በላይ ታጣቂዎችን ያነጋገረና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 36 ከመቶ ያህሉ በዚያው ሳምንት ጫት እንደቃሙ ነግሯል። ከዚያ በፊት በሐርጌሳ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ ከሌላው ወንድ በበለጠ እንደሚታይ፣ ከሕመሙ በፊትም ብዙ ጫት መቃም እንደነበረ አሳይቷል። ጦርነት ያየ ሰው፣ ሌት ተቀን እየቃመ ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው፣ ድምፅ ይሰማኛል ማለት ከጀመረ፣ «ምርቃናው ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አሁን አንድ የሩቅ አገር ታሪክ እንንገራችሁ፤ ወደ ራሳችን ይመልሰናል።

በቬትናም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ብዙ የአሜሪካ ወታደር ሄሮይን ይወስድ ነበር። መንግሥታቸው ደነገጠ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሱሰኛ ወደ አገራችን ሊገባ ነው ተባለ። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. የተመለሱትን ወታደሮች ተከታትላ አጠናች። እዚያ ሳሉ ከአምስት አንዱ ያህል ሱስ ይዞኝ ነበር ብሏል። አገር ከገቡ በኋላ ግን ከነዚህ ሱስ ይዞን ነበር ካሉት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 ከመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ለማመን ተቸገሩ።

ምን አግኝተው ነው የተዉት? መድኃኒቱ በየመንገዱ አይሸጥም፤ የሚያስፈራው ጫካ፣ የሚያስወስደው ጓደኛ፣ የሚጠበቀው ሞት ወደ ኋላ ቀርቷል። ወደ እናታቸው ቤት፣ ወደ ሥራቸው ገቡ። ለሁሉም እንዲህ ቀላል አልሆነም፤ ቅዠቱ አገር ድረስ ተከትሎ መጥቶ በመጠጥ ያለቁ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጥናቱ ሱስ በሰውየው ደም ውስጥ ብቻ እንደማይኖር፣ ሰውየው በተቀመጠበት ቦታም ውስጥ እንደሚኖር አሳየ።

አሁን የእኛን ሰዎች እዩ። ከጦር ሜዳ ወጥተዋል፣ ቤት ግን አልገቡም። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ጦር ሲበተን፣ አገር ውስጥ የቀረው ጦላይን በመሰሉ ካምፖች ቆይቶ፣ ስንቅና መሳፈሪያ ተሰጥቶት፣ ገበሬ ለሆነውም ዘርና በሬ እየተባለ ወደ መንደሩ ተሸኘ። በሬ ቅዠት አያስቀርም፤ ግን ጠዋት የሚያስነሳ ነገር ነው። ድንበር የተሻገረው ይህንንም አላገኘም። ሻምበል ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጠዋት የሚያስነሳቸው ነገር ሳይኖር ኖረዋል። ያስነሳቸው የነበረው መንቀጥቀጡ ነው። «ለምን አይተዉም?» ስንል የከረምነው እኛ ምን እንዲያደርጉ ፈልገን ነው የሚተዉት ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሕክምና ሲባል መርፌ ወይም ናይሮቢ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ይመስለዋል። አንዳንዱ ጠበልም ይሄዳል፣ ቁርዓንም ያስቀራል፤ ያጽናናዋልና አንከለክልም። ካህናቶቻችንንና ሼኾቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒት የጀመረን ሰው «መድኃኒቱን ተው» እንዳትሉት።

የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ መመሪያ አውጥተዋል። የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ካምፕ ውስጥ ተራ ነርስና ክሊኒካል ኦፊሰር ድብርትን፣ የጦርነት ድንጋጤን፣ የመጠጥና የዕፅ ሱስን እንዴት ማከም እንደሚችሉ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ «የእብድ ሐኪም የለም» ብላችሁ አትመለሱ፤ በየክሊኒኩ ስለ እንቅልፍና ስለ መጠጥ የሚጠይቅ ባለሙያ ፈልጉ። ለድብርቱ ኪኒን አለ፤ ግን ሳምንታት ወስዶ ነው የሚሠራው፣ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። ለቅዠቱ ደግሞ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው። ንግግር ስንል ቡና ላይ የሚወራው አይደለም፤ ሰውየው ሕይወቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል እየተናገረ፣ ያቺ የተረገመች ቀን ላይ ሲደርስ ሳይዘል፣ አድማጩ እየደገፈው እስከ መጨረሻው የሚሄድበት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ናኪቫሌ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ይህ በሩዋንዳና በሶማሊያ ስደተኞች ላይ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። በዚህ መንገድ ከተረዱት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ 70 ከመቶ ያህሉ በሽታው ለቋቸው ተገኝቷል፤ ምንም ካልተደረገላቸው ውስጥ ደግሞ 37 ከመቶ ያህሉ። ከዚህ ሁሉ እኛን ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው፤ አካሚዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። ከዚያው ካምፕ ተመርጠው ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ ስደተኞች ነበሩ።

አሜሪካኖቹም በ1979 እ.ኤ.አ. ለቬትናም ዘማቾች ከሆስፒታል ውጭ፣ በየሰፈሩ፣ ትንንሽ የምክር ቤቶች ከፍተው ነበር፤ ከአማካሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ዘማቾች ነበሩ። ወታደር ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው አይናገርም፤ ለወታደር ነው የሚናገረው። ይህን እኛም ያየነው ሻምበል ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። የአእምሮ ጤና ሠራተኛው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከላጋው ዳር ዛፍ ሥር አራት አምስት ሰው ያስቀምጥ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ የቀድሞ ታጋይ ነው። ሻምበልና እሱ በአንድ ግንባር ፊት ለፊት እንደነበሩ የተዋወቁት እዚያ ነው። ምን እንደተባባሉ አናውቅም፣ አልጠየቅንምም። አሁን ግን ቀን ቀን አብረው ጎመንና ሽንኩርት ሲያጠጡ እናያቸዋለን።

ብዙ ሰው ወደ ክሊኒክ የማይሄደው ከስንፍና አይደለም፤ ከፍርሃት ነው። ደብዳቤዎቻችሁም የሚሉት ይህንኑ ነው። አንዱ «ወታደር ነበርኩ ብዬ ካስመዘገብኩ ስደተኝነቴ ይሰረዛል» ብሏል። መሣሪያውን ለዘለቄታው ያስቀመጠና ወደ ሰላማዊ ሕይወት የገባ የቀድሞ ወታደር ስደተኛ መሆን ይችላል፤ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚከለክለው የጦር ወንጀልን የመሰለ ከባድ ወንጀል የፈጸመን ነው፣ ወታደር የነበረን ሁሉ አይደለም። ነርሷም የጥበቃ ክፍል ሠራተኛ አይደለችም። ሆኖም የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ከመናገራችሁ በፊት «ይህን ፋይል ማን ያየዋል?» በሉ። አስተርጓሚውንም ምረጡ። የሰፈራችሁ ሰው ከሆነ «ሌላ አምጡልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ነውር ነው እንላለን እኛ። አባቱ የገደለውን ወይም ሲገደል ያየውን በልጁ አፍ ማስነገር አይገባም።

ሌላው ፍርሃት «ኬዜ ይበላሻል» ነው። ይህን ሳናስጌጥ እንንገራችሁ። አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አግዳለች፤ የሕክምና ምርመራው ሕግ ግን ማወቁ ይጠቅማል። በሕጉ መሠረት በምርመራው ጊዜ ሱስ ላይ ያለ ሰው ጉዞው ሊታገድ ይችላል፤ መጠጥም ከአደገኛ ጠባይ ጋር ከተያያዘ እንደዚሁ። ለዓመት ያህል ሙሉ በሙሉ ትቶ የቆየ ሰው ግን በሌላ መደብ ነው የሚታየው። ስለዚህ ኬዝ የሚያበላሸው ሕክምናው ሳይሆን ሕክምና ያልተደረገለት ሱስ ነው፤ የክሊኒክ ወረቀቱም መተዋችሁን የሚመሰክርላችሁ ነው። ቅዠት አለብኝ፣ ድብርት አለብኝ ብሎ መታከም ብቻውን ማንንም ከጉዞ አያስቀርም።

ለሚስቶችና ለልጆች ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። ሲባንን ከእግሩ በኩል ሆናችሁ በስሙ ጥሩት እንጂ ድንገት ደረቱን አትንኩት፤ ሳያውቅ የሚመታ ብዙ ነው። ይህን ስንል ግን ሆን ብሎ የሚመታውን እንድትሸከሙ አይደለም፤ በሽታ ነው ማለት ዱላን ፈቅደናል ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ ራሳችሁንና ልጆቻችሁን አሽሹ። «ምን ቀረኝ፣ ባልኖርስ» ማለት ከጀመረ ፊት ለፊት ጠይቁት፤ ራሴን ላጥፋ ብለህ ታስባለህ ወይ በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፣ ገመዱንና መድኃኒቱን አርቁ፣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰዱት። ትቶ ተመልሶ ከጠጣ ደግሞ አትርገሙት፤ ሻምበልም በሁለተኛው ወር አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ያን ጊዜ ግን ማንም አልቆለፈባቸውም፣ በማግስቱ ራሳቸው በእግራቸው ክሊኒክ ሄዱ።

ቻንጋ የሚሸጡትን እናቶች ዝጉ በሉልን ያላችሁን አሉ። ያቺ እናት ራሽኑ ሲጎድል ልጆቿን የምታበላው በዚያ ነው፣ እኛ አንፈርድባትም። ግን ጎህ ሳይቀድ ደጇ የሚቆም የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ካለ ከማንኛችንም በፊት የምታውቀው እሷ ናትና ለቤተሰቡ ወይም ለጤና ሠራተኛው ትንገርልን።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለሻምበል አነበብንላቸው፤ ያለ ፈቃዳቸው አይወጣምና። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። አፋቤት የሚለው ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ይውጣ ወይ ብንላቸው «ይግባ» አሉ። ሲያልቅ አንድ እርማት ብቻ አለኝ አሉን።

«እኔ ሻምበል ሆኜ አላውቅም። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ስደት ላይ ነው የተሾምኩት።»